በ20 ወርክሾፕ የተጀመረው የቪየና የዳንስ ፌስቲቫል እንዴት ከተማውን ሞላ?

ሐምሌ ሲገባ ቪየና ቴአትሮቿን ትዘጋለች። ኦፔራው ዕረፍት ይወጣል፣ ቡርግቴአተር የተባለው ትልቁ ቴአትር ቤት ዕረፍት ይወጣል፣ የመድረክ ዕቃ የሚሠሩላቸው አናጺዎችና ቀለም ቀቢዎችም መሣሪያቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። አየሩ በሚሞቅበትና ጎብኚው በሚበዛበት ወቅት የሙዚቃና የቴአትር ከተማ የምትባለው ቪየና ትልልቅ አዳራሾቿ ባዷቸውን ይቀራሉ። ኢምፑልስታንዝ የተባለው ዓለም አቀፍ የዳንስ ፌስቲቫል በአውሮፓ ካሉት የዘመናዊ ዳንስ ዝግጅቶች ከትልልቆቹ አንዱ ለመሆን የበቃው ይህን የሁለት ወር ክፍተት ቀድሞ ስላየ ነው።

አንድ ከተማ ዓለም አቀፍ የዳንስ ፌስቲቫል ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከመድረኩ ነው። ዝነኛ ቡድን ይጋበዛል፣ ስፖንሰር ይፈለጋል፣ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ይደገሳል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ስፖንሰሩ ሲያፈገፍግ ፌስቲቫሉም አብሮ ይቀራል። ቪየና የሄደችበት መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ መድረኩ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1984 ካርል ሬገንስቡርገር የተባለ ኦስትሪያዊ የባህል ሥራ አስኪያጅና ኢስማኤል ኢቮ የተባለ ብራዚላዊ ዳንሰኛና ኮሪዮግራፈር (የዳንስ ቅንብር ፈጣሪ) ተገናኝተው “ዓለም አቀፍ የዳንስ ሳምንታት” ያሉትን፣ የዛሬው ኢምፑልስታንዝ መነሻ የሆነውን ዝግጅት ከፈቱ። የያዙት 6 መምህራንና 20 ወርክሾፖች (አጫጭር የሥልጠና ክፍሎች) ብቻ ነበር። ቦታው ሽሜልዝ በሚባለው ሰፈር ያለው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ማዕከል ነው፤ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲበተኑ እሱም ባዶ ይሆናል። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን መካከል ሴኔጋላዊቷ ጀርሜን አኮኚ ነበረች። በ1988 ትርኢት ተጨመረ፤ እንደ ቤልጂየማዊው ዊም ቫንዴኬይቡስና እንደ ካናዳዊቷ ማሪ ሹዊናር ያሉ፣ ያኔ ስማቸው ገና በመውጣት ላይ የነበረ ኮሪዮግራፈሮች መጡ። በ1996 ዳንስዌብ የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ተጀመረ፤ በየዓመቱ ከብዙ አገሮች የተመረጡ በርካታ ወጣት ዳንሰኞች ለአምስት ሳምንት እየተማሩና ትርኢት እያዩ ይቆያሉ። በ2001 ለወጣት ኮሪዮግራፈሮች የተለየ የትርኢት መስመር ተከፈተ። ዛሬ ወርክሾፑ ከ200 በላይ ሆኗል፤ ትርኢቱ ደግሞ በቮልክስቴአተር፣ በቡርግቴአተር፣ በአካዴሚቴአተር፣ በኦዴዮንና በሙዚየም አዳራሾች ተበትኖ ይታያል።

ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል። መጀመሪያ የሚማር ሰው፣ ቀጥሎ የሚታይ ትርኢት፣ ከዚያ በኋላ ለነገ የሚሆን ተተኪ። ይህ ቅደም ተከተል ለምን እንደሠራ ለመረዳት ወደ ሒሳቡ መግባት ያስፈልጋል።

ክፍሉ መድረኩን ይቀልባል

ለምሳሌ ያህል ዋጋዎቹን እኛ እንበይናቸው። አንድ መካከለኛ የዳንስ ቡድን 12 ዳንሰኞች፣ 4 የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች፣ አንድ ኮሪዮግራፈርና አንድ የጉዞ አስተባባሪ ይዞ ይመጣል፤ በድምሩ 18 ሰው። ሁለት ምሽት ለማሳየት አምስት ሌሊት ያድራሉ፤ ሁለቱ ከትርኢቱ በፊት ለዝግጅት፣ ሁለቱ ለትርኢቱ፣ አንዱ አውሮፕላን እስኪደርስ። ይህ 90 የአልጋ ሌሊት ነው። አልጋው በ120 ዩሮ ቢገኝ 10,800፤ የቀን አበሉ በሰው 40 ዩሮ ቢሆን 3,600፤ ትኬቱ በአማካይ 400 ቢሆን 7,200። እስካሁን 21,600 ዩሮ ወጥቷል፤ ለቡድኑ ግን ገና ሳንቲም አልተከፈለም። አዳራሹ 800 መቀመጫ ቢኖረው፣ ትኬቱ በአማካይ 25 ዩሮ ቢሸጥና ሁለቱም ምሽት ሰባ በመቶ ቢሞላ የሚገባው 28,000 ነው። በቀረው 6,400 ዩሮ የቡድኑን ክፍያ፣ የአዳራሹን ሠራተኞች፣ የዕቃ ማጓጓዣውን፣ ማስታወቂያውን ቻል ቢባል ማን ይችላል? ሙሉ በሙሉ ቢሞላ እንኳ አይገጥምም። የከተማ ድጎማ የሌለው የዳንስ ፌስቲቫል በመድረክ ብቻ የማይቆመው ለዚህ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ዊሊያም ቦሞልና ዊሊያም ቦወን ይህን ችግር በ1966 በዝርዝር ጽፈውታል፤ ፋብሪካ በዓመታት ውስጥ በጥቂት ሠራተኛ ብዙ ዕቃ ማምረት ይችላል፣ ለ12 ሰው የተሠራ ዳንስ ግን መቼም 12 ሰው ይፈልጋል፤ ደመወዝና አልጋ ግን ከሌላው ኢኮኖሚ ጋር እኩል ይወደዳሉ።

አሁን ደግሞ ክፍሉን እንይ። አንድ መምህር በቀን ሁለት ክፍል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያስተምራል። በእያንዳንዱ ክፍል 30 ተማሪ ቢገባና ሳምንቱ 150 ዩሮ ቢሆን ገቢው 9,000 ነው። የመምህሩ ክፍያ 3,600፣ የአውሮፕላን ትኬት 500፣ ሰባት ሌሊት በመቶ ዩሮ 700፤ ወጪው 4,800። በያንዳንዱ ክፍል 16 ሰው ከገባ ወጪው ተሸፈነ፤ ከ17ኛው ሰው ጀምሮ ያለው ለወለል፣ ለጽሕፈት ቤት፣ ለመድረክ ይተርፋል። 12 ሰው ብቻ ከገባ 1,200 ዩሮ ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ የፕሮግራም አዘጋጁ ጥበብ ይህን ወሰን ማወቁ ላይ ነው፤ ሞልተው የሚፈስሱ ክፍሎች፣ በ10 ሰው የሚካሄዱ ነገር ግን ለዳንስ ዕውቀት የሚያስፈልጉ ክፍሎችን እንዲሸከሙ ማድረግ። ሁሉም ክፍል ትርፋማ የሆነበት ፌስቲቫል ሰነፍ ፌስቲቫል ነው፤ የሚያስተምረው አምና የታወቀውን ብቻ ነውና።

ከገንዘቡ የሚበልጥ ሌላ ጥቅም አለ። ጠዋት የሚማረው ሰው ማታ ተመልካች ይሆናል። ስሙ ያልተሰማ ኮሪዮግራፈር ለከተማው ሕዝብ ቢቀርብ ግማሽ አዳራሽ መሙላት ይከብደዋል፤ ከተለያየ አገር መጥተው አንድ ወር ሙሉ ስለ ዳንስ ብቻ የሚያወሩ መቶዎች ባሉበት ከተማ ግን ቦታ ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች አልጋ ይከራያሉ፣ ይበላሉ፣ የወር የትራንስፖርት ካርድ ይገዛሉ። የከተማ ምክር ቤት ድጎማ ሲጠየቅ የሚሰማው ይህን ነው፤ ስለ ጥበብ የሚነገረውን በትሕትና አዳምጦ ስለ አልጋው ይጠይቃል።

በክፍሎቹ በኩል ዘወትር የሚበላሸው የደረጃ ነገር ነው። ተመዝጋቢው ራሱን ከፍ አድርጎ ይገምታል፤ ጀማሪው “መካከለኛ” ላይ ይመዘገባል፣ መካከለኛው “ከፍተኛ” ላይ። ሰኞ ዕለት መምህሩ ለደካሞቹ ሲል ትምህርቱን ያቀዘቅዛል፤ ማክሰኞ ባለሙያዎቹ ተሰላችተው ይቀራሉ፤ ረቡዕ ዕለት ክፍሉ ተንጠባጥቦ ያልቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በምዝገባው ላይ “ከፍተኛ” ብሎ ከመጻፍ የሚሠራውን መጻፍ፤ “በእጅ ላይ ተገልብጦ መቆምና በትከሻ መንከባለል የሚችል” ማለት ይሻላል። ሁለተኛው፣ እስከ ማክሰኞ ማታ ክፍል መቀየርን በነፃ መፍቀድ ነው። ይህ የጽሕፈት ቤት ሥራ ያበዛል፣ ነገር ግን ገንዘብ መመለስን ያስቀራል።

ሁሉ ነገር ወለሉ ላይ ነው

ተማሪው ሲበዛ የስፖርት ማዕከሉ ጠበበ። በኋላ ወርክሾፖቹ የሰፈሩት አርሰናል በሚባለው ግቢ፣ ለትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ትዕይንት በሚሠራባቸው ሰፋፊ አዳራሾች ነው። አርሰናል ከ1848ቱ አብዮት በኋላ የተሠራ ግዙፍ የጦር ግቢ ነበር። ለመድረክ ዕቃ መሥሪያ የሚያገለግል አዳራሽ ለዳንስም ይመቻል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም፣ በሩ መኪና ያስገባል። ቴአትሮቹ ሲያርፉ አናጺው ይወጣል፣ ዳንሰኛው ይገባል።

የሚቀረው ወለሉ ነው፤ ገንዘብም ዕውቀትም የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነው። ሲሚንቶ ላይ ወይም ሲሚንቶ ላይ በተለጠፈ ንጣፍ መዝለል ለአንድ ምሽት ይቻላል። በቀን ለስድስት ሰዓት፣ ለአምስት ቀን ሲሆን ግን የቅልጥም አጥንት መቆጥቆጥ ይጀምራል፣ ጉልበት ያብጣል፣ ሐሙስ ዕለት ግማሹ ተማሪ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ይላል። የሚያስፈልገው እየተጫነ የሚመለስ ወለል ነው። ከታች ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ የተለጠፈባቸው ጣውላዎች ይደረደራሉ፤ በላያቸው አግድም ሌላ ጣውላ ይሄዳል፤ ከዚያ ኮምፖንሳቶ በድርቡ፣ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው ላይ እንዳይገጥም ተደርጎ ይመታል። መጋጠሚያዎቹ ከተገጣጠሙ ወለሉ በዚያ መስመር ላይ ይሰምጣል፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈውም እዚያው ላይ ነው።

በዚህ ላይ የዳንስ ቪኒል፣ ማለትም ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ይነጠፋል። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 2 ሜትር ስፋት አለው። ወርዱ 12፣ ጥልቀቱ 10 ሜትር ለሆነ መድረክ ባለ 2 ሜትሩ አምስት ጥቅል ይበቃል፤ እያንዳንዱ እንደ ውፍረቱ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይቀመጥም፤ የተኛ ጥቅል ክብደቱ በአንድ ጎን ይጨመቅና ሲዘረጋ ሞገድ ይሠራል። ሲነጠፍ ወዲያው በፕላስተር አይያዝም። ተዘርግቶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያድራል፤ የአዳራሹን ሙቀት ይለምዳል፣ ጥቅልነቱን ይረሳል። ከቀዝቃዛ መኪና ወጥቶ ወዲያው ተወጥሮ የተለጠፈ ቪኒል መብራቱ ሲሞቅ ይለጠጥና መሐሉ ላይ ጉብ ይላል። በባዶ እግር የሚንሸራተት ዳንሰኛ ይህን ጉብታ በጣቱ ያገኘዋል። መጋጠሚያው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቪኒል ፕላስተር ከመሐል ወደ ዳር እየተሳበ ይለጠፋል፤ ጫፉ ከተነሣ ወዲያው ተቆርጦ ይተካል፤ የተነሣ ፕላስተር የእግር ጣት ቆዳ ይሰነጥቃል።

ጽዳቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ላብ ይጠረጋል። ብዙ ሳሙና ያለበት ውኃ ስስ ቅባት ትቶ ያልፋልና ወለሉን ያንሸራትተዋል፤ ዘይት ተቀብቶ የሚገባ ተማሪም እንደዚያው። በክፍሎች መካከል 15 ደቂቃ የሚመድብ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ያምራል፤ 30 ሰው ወጥቶ፣ ወለል ተጠርጎ፣ 30 ሰው ገብቶ፣ ሙዚቀኛው ከበሮውን ቀይሮ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የዘገየ የጠዋት ክፍል የከሰዓቱን ሁሉ ይጎትታል፤ የምሽቱ ተማሪም ትርኢት ያመልጠዋል።

ቦታውን ለመገመት ለአንድ አዋቂ ዳንሰኛ 5 ካሬ ሜትር ማሰብ ጥሩ መነሻ ነው። 30 ሰው 150 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ከዚህ በታች ከሆነ መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ተራ በተራ ያስጨፍራል፤ ተማሪው የከፈለበትን ግማሽ ሰዓት ቆሞ ያያል።

የትርኢቱ አዳራሽ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የዳንስ መብራት ዋናው ከጎን የሚመጣው ነው። ከቅልጥም ከፍታ ጀምሮ እስከ ራስ በላይ በቆመ ብረት ላይ የተደረደሩ መብራቶች ሰውነቱን ከወለሉ ነጥለው ያሳያሉ። እነዚህ ብረቶች የሚቆሙት በመድረኩ ግራና ቀኝ በመጋረጃ በተከለሉ መግቢያዎች ውስጥ ነው። ቡድኑ “14 ሜትር መድረክ” ብሎ ይጽፋል፤ አዳራሹም “14 ሜትር አለን” ብሎ ይመልሳል። ቡድኑ ሲደርስ የአዳራሹ 14 ሜትር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መሆኑ ይታወቃል፤ መብራቱም፣ ሮጦ የሚወጣው ዳንሰኛም ቦታ የላቸውም። ይህ ስሕተት በየዓመቱ በየከተማው ይደገማል። ኮሪዮግራፈሩ በአንድ ሌሊት ዳንሱን በሁለት ሜትር ያጠበዋል፣ ወይም ጭራሽ መብራቱ ይቀነሳል። የሚታየው ወርድ፣ የጎኑ ቦታና የጣሪያው ከፍታ ለየብቻ በቁጥር ተጽፈው፣ ከነፎቶው ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት መለዋወጥ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሌሎች ከተሞች በሌላ በር ገብተዋል

ቪየና ያደረገችው ብቸኛው መንገድ ነው ማለት አይደለም። የፈረንሳይዋ ሊዮን በ1984 በጊ ዳርሜ መሪነት በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን የዳንስ ቢየናሏን ስትጀምር ከጀርባዋ በ1980 የተከፈተ የዳንስ ቤት ነበራት። እውነተኛው ዕድገት የመጣው ግን በ1996 ከብራዚል ካርኒቫል ሐሳብ ተወስዶ የጎዳና ሰልፍ ሲጨመር ነው። ከየሰፈሩና ከዙሪያ ከተሞች የተውጣጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከባለሙያ ኮሪዮግራፈር ጋር ለወራት ተለማምደው ጎዳና ይወጣሉ። ሒሳቡ ከቪየና የተለየ ነው፤ ተለማማጁ አይከፍልም፣ የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በምትኩ ፌስቲቫሉን ማጠፍ ለፖለቲከኛ ከባድ ይሆናል፤ መራጩ ራሱ ጨፍሮበታልና።

ቦነስ አይረስ ሦስተኛውን መንገድ ይዛለች። በ2003 የጀመረችው የዓለም ታንጎ ሻምፒዮና በሌሎች አገሮች ማጣሪያ ይካሄድለታል፤ እዚያ ያሸነፉ ጥንዶች ወደ ኋለኞቹ ዙሮች በቀጥታ ይገባሉ። ዝግጅቱ ሌላው ዓለም ላይ በሌላ ሰው ወጪ ራሱን ያስተዋውቃል ማለት ነው። ይህ ግን ሕጉ ግልጽ ለሆነ ዳንስ ነው የሚሠራው። በማኅበራዊው የታንጎ ውድድር ጥንዶቹ በክብ፣ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ እየዞሩ፣ እቅፋቸውን ሳይፈቱ ይጨፍራሉ፤ ዳኛ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ዘመናዊ ዳንስ በነጥብ አይለካምና ይህ በር ዝግ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ፌስቲቫሎች ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል። የጆሃንስበርጉ ዳንስ አምብሬላ በ1989 ጀምሮ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለደቡብ አፍሪካ ኮሪዮግራፈሮች ዋናው በር ነበር፤ ገንዘብ ሲነጥፍ ቆመ። የደርባኑ ጆምባ በ1998 ጀምሮ ዛሬም አለ። ጆምባ የተጠጋው ዩኒቨርሲቲን ነው፤ ጽሕፈት ቤት፣ ቴአትር፣ ተማሪና የተወሰነ ደመወዝ ከዚያ ያገኛል። ስፖንሰር ሲመጣ ያድጋል፣ ሲሄድ ያንሳል፣ ግን አይሞትም።

አሁን ጣሪያው የት ነው?

የአውሮፓ ፌስቲቫሎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሦስት ግድግዳዎች እየገጠሟቸው ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። የበርሊን ከተማ ለ2025 የባህል በጀቷን በ130 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ስትቀንስ ጎረቤት ከተሞች ሁሉ ደነገጡ፤ ምክንያቱም አንድ ትልቅ አዲስ ሥራ የሚሠራው አራት አምስት ፌስቲቫሎች ገንዘብ አዋጥተው ነው። አንዱ ድርሻውን ሲያነሣ ሥራው ጭራሽ አይወለድም፤ ሌሎቹም የሚያሳዩት ያጣሉ። ሁለተኛው የመሥራቾቹ ዕድሜ ነው። ዣን ፖል ሞንታናሪ የፈረንሳይዋን ሞንፔሊዬ ከተማ የዳንስ ፌስቲቫል ከ1983 እስከ 2024 መራ፤ ኢስማኤል ኢቮ በ2021 በኮቪድ ሕይወቱ አለፈ፤ ሬገንስቡርገር ፌስቲቫሉን ለአራት ዐሥርት ዓመታት መርቷል። ከአንድ ሰው የስልክ ማውጫና ከአንድ ሰው ጣዕም ጋር የተሳሰረ ድርጅትን ማስረከብ ከባድ ነው። ሞንፔሊዬ በ2025 ፌስቲቫሉንና የከተማዋን ብሔራዊ የኮሪዮግራፊ ማዕከል አዋሕዳ ለአራት ሰዎች በጋራ ሰጠች፤ ያዋጣል አያዋጣም ገና የሚታይ ነው።

ሦስተኛው ቪዛ ነው፤ እኛን በቀጥታ የሚነካው ይህኛው ነው። የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ውሳኔው በመደበኛው በ15 ቀን ይሰጣል። በአፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሕገ ወጥ መንገድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ትብብር በቂ አይደለም ብሎ ለኢትዮጵያውያን ይህን ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዘመው። በዚሁ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥና በማስረጃ አቀራረብ ላይ ቅለት እንዳይደረግ ታዘዘ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የቪዛው መደበኛ ክፍያ ለአዋቂ አመልካች 90 ዩሮ ገባ፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል።

ይህ ለአንድ ዳንሰኛ ምን ማለት እንደሆነ በቀን መቁጠሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ጁላይ 10 ቪየና መድረስ ያለበት ሰው 45 ቀኑን ወደ ኋላ ሲቆጥር ሜይ 26 ላይ ይደርሳል። ለቀጠሮ መጠበቂያና ለጎደለ ወረቀት አንድ ወር ከጨመረ ፋይሉ በአፕሪል መጨረሻ መሟላት አለበት። የግብዣ ደብዳቤው፣ የአልጋው ማረጋገጫ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል የሚገልጸው ወረቀት ከማርች በፊት እጁ መግባት አለባቸው። ብዙ ፌስቲቫሎች ደግሞ በማርች ገና ፕሮግራም እያስተካከሉ ነው። ሳያውቁት አይደለም የሚዘገዩት፤ ለፈረንሳይ ዳንሰኛ በማርች መወሰን ቀድሞ መወሰን ነው።

የአንድ ጊዜ መግቢያው ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በጋውን አንድ ዳንሰኛ የሚኖረው ሥራን ከሥራ እያያያዘ ነው። ጁላይ ላይ ቪየና፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ኤደንብራ፣ ወር ማብቂያ ላይ በርሊን ቢጋበዝ፣ ብሪታንያ ከሸንገን ውጭ ናትና ኤደንብራ ሲገባ የሸንገኑ ቪዛ ያከትማል፤ በርሊን አይመለስም። የብሪታንያውን ቪዛ ለብቻው አግኝቶ እንኳ ከሦስቱ አንዱን መጣል አለበት። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መቀየር፣ ሸንገኑን ጨርሶ ብሪታንያን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፤ ይህን የሚያደርግለት ደግሞ አስተባባሪው እንጂ ዳንሰኛው ራሱ አይደለም። የአንድ አገር ፌስቲቫል ብቻውን ሲጋብዝና ሦስት ፌስቲቫሎች ተነጋግረው ሲጋብዙ ያለው ልዩነት እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ዳንስም የተወለደው ከክፍል ነው። እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም በ1996 አዲስ አበባ ላይ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ ትልቅ ትርኢት አቀረበ፤ ከመካከላቸው የተመረጡት በአዱኛ የዳንስ ቡድን ለዓመታት ሠለጠኑ። ከዚያ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ፤ በኋላም ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። የሰው ጉዳይ ያን ያህል አያሳስብም። በየባህል ምሽት ቤቱ በየቀኑ የሚሠሩት ተወዛዋዦች ትከሻና አንገት ላይ ያላቸው ዕውቀት ቪየና ውስጥ የአንድ ሳምንት ክፍል ይሞላል።

የሚያሳስበው ቤቱ ነው። በ2024 መገባደጃ ካዛንቺስ ሲፈርስ መላኩ በላይ ለዓመታት ያቆየው ፈንዲቃ የባህል ማዕከል የነበረበትን ቤት አጣ። ስሙና ሙያተኞቹ ሌላ ቦታ ሊሄዱ ይችላሉ፤ በየሳምንቱ ሰው የለመደው ወለል ግን ተጠቅልሎ አይወሰድም። አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፍ የዳንስ ፌስቲቫል የሚያስብ ሰው ከጀማሪዋ ቪየና ጋር የሚመሳሰልበት አንድ ነገር አለው፤ ክረምት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ለዕረፍት ይዘጋሉ፣ አዳራሾቻቸውም ባዶ ይሆናሉ። ወለላቸው ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው። በ150 ካሬ ሜትር ላይ የሚነጠፍ፣ ተፈታትቶ የሚከማች የጣውላ ወለልና 75 ሜትር ባለ 2 ሜትር ስፋት ቪኒል አንድ ጊዜ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል፤ ዋጋውም ከአንድ የውጭ ቡድን የሁለት ምሽት ግብዣ የሚበልጥ አይመስልም። የክረምቱ እርጥበት ግን ጣውላውን ስለሚያጎብጥ ማከማቻው ደረቅ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ቪኒሉም ቆሞ ይቀመጥ።